ከጊደሯ በፊት መኖዋ ይምጣ

ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል እንስሳትና ዓሣ ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት፣
ከውጭ አገር ገበሬዎች በተገኘ ገንዘብ በጣና ዙሪያ ጊደር ለሚያከፋፍሉ ድርጅቶች፣
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ለሐይቅ ዳር ቤተሰቦች የሚሰጡ ጊደሮችን ይመለከታል

ክቡራን፣

በእንግሊዝ፣ በአየርላንድ፣ በካናዳና በአሜሪካ ገጠር የቆየ ልማድ አለ። ገበሬው ከመንጋው አንዲት ጥጃ ይመርጣል። እንደ ሌሎቹ ይቀልባታል። ስትደርስ ገበያ አውጥቶ ይሸጣታል። ገንዘቡን ግን ኪሱ አይከተውም፤ በሌላ አገር ላለ የገጠር ቤተሰብ እንዲደርስ ለአንድ ድርጅት ያስረክባል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ የገዛት ሰው ዋጋዋን ከፍሎ እሷን መልሶ ለጨረታ ይሰጣታል። ሌላው ይገዛታል፤ እሱም ይመልሳታል። አንዲቷ እንስሳ በአንድ ቀን ደጋግማ ትሸጣለች።

ይህ ለኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃምም በጎንደርም የስለት በግ፣ የስለት ወይፈን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለጨረታ ሲቀርብ እያየን ነው ያደግነው። የተሳለው ገበሬ እንስሳውን እየሳበ ያመጣል። ተጫራቹ ዋጋ ይጨምራል። ገንዘቡ ለደብሩ ሥራ ይውላል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ ያለው ገበሬ ያደረገው ነገር ለደራና ለፎገራ ገበሬ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። ያቺ የተሸጠችው ጥጃ ሌሊት በብርድ ተነስቶ ያዋለዳት ልትሆን ትችላለች። ከብት የሚያረባ ሰው ይህን ያውቃል።

እኔ ባሕር ዳር የምኖር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው፤ ከሐሙሲት እስከ ወረታ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ ቀበሌዎች። እንዲህ ያለው ገንዘብ ጊደር ሆኖ ሲመጣ አይቻለሁ። ጊደሯ ላም ሆና ቤት ስትለውጥ አይቻለሁ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይቀሩ፣ እህል ሳይሸጥ ዓመቱ ሲያልፍ። ሞታ ቆዳዋ ሲገፈፍም አይቻለሁ። ልዩነቱን ያመጣው ብዙ ጊዜ ጊደሯ ከመምጣቷ በፊት የተሠራው ሥራ ነው። የምጠይቃችሁም ይህንኑ ነው። የመኖው፣ የዘሩና የቀጣዩ ተረካቢ ነገር ሳይቆረጥ አንዲትም ጊደር አትታደል።

ለጋሾቹ ራሳቸው ብዙ ተምረው ነው እዚህ የደረሱት። ዳን ዌስት የሚባል አሜሪካዊ ገበሬ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለተራቡ ሕፃናት ወተት ያድል ነበር። ወተቱ ለሁሉም አይበቃም፤ ያለቀ ዕለት ደግሞ ምንም የለም። በኩባያ ከማደል ላሟን መስጠት ይሻላል ብሎ አገሩ ገባና ጎረቤቶቹን አስተባበረ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥጆች እምነት፣ ተስፋና ፍቅር የሚል ስም ወጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. 17 ጊደሮች በመርከብ ፖርቶ ሪኮ ደረሱ። ሃይፈር የሚባለው ድርጅት ከዚህ ነው የተወለደው። ደንቡ አጭር ነበር፦ ጊደር የተቀበለ ሰው የመጀመሪያዋን ሴት ጥጃ ለሌላ ችግረኛ ይሰጣል።

የእንግሊዞቹ መነሻ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የአውሮፓ ማኅበረሰብ በወተት ምርት ላይ ኮታ ጣለ። ከኮታው በላይ ማለብ ኪሳራ ሆነ። ብዙ ገበሬ ጤነኛ ላሞቹን ለመቀነስ ተገደደ። እ.ኤ.አ. በ1988 ከመካከላቸው የተወሰኑት ላሞቹን ከማስወገድ ከጦርነት ለወጣችው ኡጋንዳ መላክ ጀመሩ። ሴንድ ኤ ካው ብለው የሰየሙት ድርጅት ዛሬ ሪፕል ኢፌክት ይባላል፤ በአገራችንም በደቡብ በኩል ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን በእብድ ላም በሽታ ምክንያት ከእንግሊዝ ከብት መላክ ታገደ። ድርጅቱም እንስሳቱን እዚያው አፍሪካ ውስጥ መግዛት ያዘ። ክፉ አጋጣሚ ነበር፤ ያመጣው ለውጥ ግን መልካም ነው። ላም በአውሮፕላን ከማጓጓዝ የላሟን ዋጋ ልኮ የአገሩን አየር፣ የአገሩን ዝንብና የአገሩን በሽታ የለመደች ጊደር በቅርብ መግዛት ይሻላል። ገንዘብ ድንበር ሲሻገር አይታመምም።

እዚህ ድረስ ለጋሹ የድርሻውን አድርጓል። ከዚህ በኋላ ያለው የኛ ነው።

የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። ዓመቱን ሙሉ ሲንከባለል የቆየ ሥራ ሁሉ ሰኔ ላይ ይጣደፋል። የጊደር እደላውም እንዲሁ። ሰኔ ደግሞ በሐይቅ ዳር ለከብት ክፉ ወር ነው። ያለፈው ዓመት ጭድና ገለባ አልቋል። አዲሱ ሳር ገና ብቅ እያለ ነው። ከዚያ ሐምሌ ይገባል፤ የጉማራና የርብ ወንዞች ይሞላሉ፤ ሜዳው ውሃ ይሆናል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ፎገራና ሊቦ ከምከም ላይ ያደረሰውን የሚያስታውስ ሰው ስለ ሐምሌና ነሐሴ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

አንድ ቤት ላሳያችሁ። የቀበሌውንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም፤ የምፈልገው አሠራሩ እንዲስተካከል ነው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት የልጆች እናት ናቸው። በሰኔ መጨረሻ አንዲት የተዳቀለች ጊደር ተሰጠቻቸው። ቁመናዋ ያምራል። ጎረቤቱ ሁሉ «የፈረንጅ ላም» እያለ ሊያያት መጣ። ፎቶ ተነሱ። ሐምሌ ላይ ውሃው መጣ። በዚያ አካባቢ ሰው በክረምት ከብቱን ከፍ ያለ ቦታ ወዳለ ዘመዱ ይነዳል። ይህቺ ግን ሩቅ መሄድ አልለመደችም። ዘመድም የምትሞት መስሎት መቀበል ፈራ። እናትየው ፋጉሎ በዱቤ ገዙላት። ዱቤው ሲከብድ አቆሙ። ጊደሯ ውሃው ሸሸት ባለበት ረግረግ ላይ ያገኘችውን ሳር ጋጠች።

ጥቅምት ላይ ስደርስ ከሩቅ ሳያት ገባኝ። ጠጉሯ ቆሟል። አገጯ ሥር ውሃ እንደቋጠረ ከረጢት አብጧል። የዓይኗን ቆብ ገለበጥኩት፤ ቀይ መሆን የነበረበት ነጭ ነው። የጉበት ትል ነው። ትሉ ከውሃ ዳር ቀንድ አውጣ ጋር የሚኖር ነገር ስለሆነ ረግረግ ላይ የጋጠ ከብት በቀላሉ ይይዘዋል። መድኃኒት ሰጠናት፤ ዳነች። ጥር ላይ ኮርማ ፈለገች። አዳቃይ ባለሙያው ስልክ ላይ አልተገኘም። ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ አንድ ቀን አይሞላም፤ ካመለጠ ሌላ ሦስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ነው። እሱም አመለጠ። የፋጉሎው ባለሱቅ ገንዘቡን ጠየቀ። ለፋሲካ ሰሞን ለሥጋ ተሸጠች።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ደረሰባቸው። እኚህ እናት ሰነፍ አይደሉም። ዶሮ ሳይጮኽ ተነስተው ውሃ የሚቀዱ፣ በደቦ ሩዝ የሚያጭዱ፣ ያቺን ጊደር እንደ ልጅ ያዩ ሰው ናቸው። በሪፖርቱ ላይ ግን ጊደሯ ዛሬም እንደተሰጠች ተቆጥራ አለች። ከተሰጠች በኋላ ምን ሆነች ብሎ የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ የለም። እዚያ ሩቅ አገር ጥጃውን የሸጠው ገበሬም ይህን አያውቅም።

እንግዲህ ስለ መኖ።

የፎገራ ሜዳ ድሮ የግጦሽ አገር ነበር። በ1970ዎቹ ሩዝ ገባ። ሩዝ ለፎገራ ገበሬ ቆርቆሮ ቤት ሠርቶለታል፤ ልጅ አስተምሮለታል። ማንም ወደ ኋላ እንዲመለስ አልልም። ግን የወል ግጦሹ ታርሶ አልቋል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ መጣ። የሐይቁን ዳር ሸፈነው። ከብት ሲርበው እምቦጭ ይበላል፤ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሆዱን ይሞላል እንጂ አያጠግበውም። የሩዝ ገለባ ግን አለ። በየቤቱ ተከምሮ አለ። ችግሩ ገለባው ጠንካራ ነው፤ ከብት ብቻውን ሲበላው ከሆዱ ብዙም አያገኝበትም።

ለዚህ መላ አለው፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኞቻችንም ያውቁታል። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ይሟሟል። 100 ኪሎ ገለባ ላይ እየተደራረበ ይረጫል። ጉድጓድ ውስጥ ወይም በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አየር እንዳይገባው ተጠቅጥቆ ለ21 ቀን ይዘጋል። ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከመሰጠቱ በፊት በደንብ ይናፈሳል። ለትንንሽ ጥጆች አይሰጥም። ልኩ ከበዛ መርዝ ነው፤ ለዚህ ነው በወረቀት ከማደል አንድ ጊዜ ከሰዎቹ ጋር ሆኖ ሠርቶ ማሳየት የሚሻለው። ገለባው ለስልሶ ሲወጣ ከብቶቹ ሲሻሙበት ያየ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ሳይነግረው ራሱ ይሠራዋል።

ሌላው የሚተከል ሳር ነው። ደሾ፣ የዝሆን ሳር፣ በአጥር ዳር ሰስባኒያ። የሚተከሉት በክረምት መግቢያ ነው። ስለዚህ ክቡራን፣ ትልቁ ልመናዬ ይኸው፦ በሰኔ ለተመረጡት ቤቶች ጊደሯን አትስጡ፣ የሚተከለውን ሳር ስጡ። በክረምቱ ይትከሉ፣ ይኮትኩቱ። ኅዳር ሩዙ ይታጨዳል፤ ጤፉም ይከተላል። ክምሩ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ጊደሯ በታኅሣሥ ትምጣ። ከመምጣቷ በፊት ደግሞ አንድ ሰው ሄዶ በዓይኑ ይይ፦ ክምሩን፣ የሳር መደቡን፣ ጋጣውን፣ ገንዳውን። ሳር ያልተከለ ቤት ጊደር አያገኝም ማለት ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ያንን ቤት ከዕዳ ማዳን ነው። መሬት የሌለው ደግሞ ሳር መትከያ ቦታ በወል መሬት ላይ ይሰጠው፤ ሳይሰጡት ሳር የለህም ብሎ መሰረዝ ግፍ ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። የመጣው ገንዘብ ለ10 ጊደር የሚበቃ ከሆነ 7 ይገዛ። በቀረው የሁለት ዓመት ክትባት፣ የጉበት ትል መድኃኒት፣ ለመጀመሪያው ክረምት የሚሆን ፋጉሎና ፉርሽካ ይሸፈን። አባሰንጋና አባጎርባ ክትባት እያለላቸው ከብት መግደላቸውን ሳይ ዛሬም ያንገበግበኛል። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ መድኃኒት ከሌለው ጊደሯን ያመጣው ድርጅት መድኃኒቱንም ያምጣ። ሰባት የሚኖሩ ከአሥር ከሚሞቱ ይሻላሉ፤ ከብት የሚያውቅ ለጋሽም በዚህ አይከፋም።

ስለ ዘር ደግሞ። የተዳቀለች ላም መጥፎ ናት አልልም። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ በዘንዘልማና በመሸንቲ በኩል፣ አተላውም ፉርሽካውም ቅርብ በሆነበት፣ ወተት ገዢውም አዳቃዩም በማይጠፋበት፣ በእሷ የከበሩ ሰዎች አሉ። ሐይቅ ዳር ያለው ቤት ግን ሌላ ነው። እዚያ መፍረድ ያለበት መሬቱ ነው። መሬቱ ደግሞ ከጥንት የራሱን ዘር አብቅሏል፤ የፎገራ ከብት። ነጭና ጥቁር ቡራቡሬ፣ ቀንደ አጭር፣ ጸባየ ልዝብ። ረግረግ ላይ ሲውል ሰኮናው አይበሰብስም፤ ዝንቡንና ውሃውን ለምዶታል። ከአካባቢው ዘሮች በወተቱ የታወቀ ነው። ይህ ዘር ራሱ እየጠፋ ነው። ግጦሹ ታረሰ፤ ከሌላ ዘር ጋር እየተደባለቀ ንጹሑን ማግኘት ከበደ። ባሕር ዳር አፍንጫ ሥር ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይህን ዘር ጠብቆ ለማቆየት ሲለፋ የኖረ ነው።

ታዲያ ከባሕር ማዶ የመጣው ገንዘብ ለምን የፎገራ ጊደር አይገዛም? ለሁለት ነገር ይሆናል። ቤተሰቡ ክረምቱን የምታልፍ ላም ያገኛል፤ ዘሩም በየቤቱ እንደገና ይበዛል። በየቀበሌው ደግሞ አንድ ንጹሕ የፎገራ ኮርማ በጋራ ይቀመጥ። አዳቃዩ ስልክ ባያነሳ ኮርማው ጎረቤት አለ። ወተቷ ከተዳቀለችው ያንሳል፤ ልክ ነው። እኛ ግን ጾም ያለን ሕዝብ ነን። ከዓመቱ ግማሽ ለሚያህል ጊዜ ምእመኑ ወተት አይቀምስም። በዐቢይ ጾም ሐሙሲት ላይ ብዙ ሊትር ወተት ይዞ ለወጣ ሰው ገዢ የለም። የተናጠ ቅቤ ግን ይጠብቃል፤ ለፋሲካ ዋጋው ይጨምራል። የእደላ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው የጾሙን ወራት አብሮ መቁጠር አለበት።

ጊደሯን ማን ይምረጥ? ይህን ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ተዉላቸው። ሐሙሲት ገበያ ላይ አንድ አዛውንት ጊደር ሲመርጡ አብሬ ቆሜ አውቃለሁ። በመጀመሪያ ዋጋ አልጠየቁም። ዞር ዞር ብለው ከኋላ አዩዋት። ጎድኗን በመዳፋቸው ዳበሱ። አፏን ከፍተው ጥርሷን ቆጠሩ። ጎንበስ ብለው ጡቶቿ አራቱም በእኩል ርቀት መሆናቸውን አዩ። በመጨረሻ የዓይኗን ቆብ ገለበጡ፤ እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩትን እሳቸው ከአባታቸው ነው ያገኙት። ከዚያ ሻጩን «እናቷ ስንት ወለደች?» አሉት። ሻጩ ሲያቅማማ ትተዋት ሄዱ። በጨረታ በጅምላ ተገዝተው በመኪና ተጭነው የሚመጡ ጊደሮች ይህን ፈተና አያልፉም፤ ማንም እናቷን አይጠይቅም።

አሁን የቀጣዩ ተረካቢ ነገር። የመጀመሪያዋን ሴት ጥጃ ለሌላ መስጠት የሚለው ደንብ ከአሜሪካ የመጣ ይምሰል እንጂ ለኛ ሰው ቅርብ ነው። ርቢ አለን። ከብት የሌለው ሰው ከብት ካለው ላም በርቢ ይወስዳል። ያበላል፣ ይጠብቃል፣ ወተቱን ይጠጣል፤ የሚወለደውን በስምምነታቸው ይካፈላሉ። አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ደቦ አለን፣ ወንፈል አለን። ስለ ርቢ ስምምነት ሽማግሌ ሊመሰክር ይችላል፤ ማን ምን እንዳለበት ሰፈሩ ያውቃል። እኔ የማዝነው ይህ ሁሉ ልማድ ቆሞ ሳለ ከከተማ አዲስ ኮሚቴ ሲዋቀር ነው። ኮሚቴው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይበተናል። እድሩ ግን አይበተንም።

ስለዚህ ውሉ በእድሩ መዝገብ ይጻፍ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባለበት ሰፈር ከሁለቱም ሽማግሌ ይቀመጥ። ውሉ ላይ የቀጣዩ ተረካቢ ስም ከመጀመሪያው ቀን ይግባ፤ ጥጃዋ ሳትወለድ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ብዙ ይለውጣል። ተራዋን የምትጠብቀው ጎረቤት የዚያችን ላም ጤና እንደ ራሷ ላም ትከታተላለች። ክምር ሲያልቅ ገለባ ታበድራለች። ላሟ ስትታመም መጀመሪያ ወደ ጤና ኬላው የምትሮጠው እሷ ናት። የተወለደው ወንድ ከሆነ ጠንከር እስኪል አድጎ ይሸጥና ገንዘቡ ለቀጣይዋ ጊደር ይቀመጥ፤ ወይም ተረካቢው የሚያርስ ከሆነ በሬ ያድርገው። ጥጃዋ ጡት ሳትጥልና ሳትከተብ አትሰጥ። ላሟ በበሽታ ብትሞት ደግሞ ዕዳ አይሁንባቸው፤ ለሽማግሌዎቹ ወዲያው ያስታውቁ፣ ቆዳውን ያቅርቡ፣ እድሩ ይፍረድ።

ስም የሚጻፈው የማን ነው? የሴቲቱም ይጻፍ። በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ከተለጠፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። ላሟን የምታልበው፣ ጥጃውን የምታስረው፣ ቅቤውን የምትንጠው ሴት ናት። ላሟ ስትሸጥ እሷም ትፈርም። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ለድርጅቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ለለጋሹ እውነቱን ጻፉለት። ጊደሯ ከሞተች ሞተች በሉት፤ በምን እንደሞተችም ንገሩት። ለጋሹ ገበሬ ነው። የእሱም ከብት ሞቶበት ያውቃል፤ የእሱም ጥጃ በሌሊት ታንቃበት ታውቃለች። እውነቱን ሲሰማ የሚሸሽ ሰው አይደለም። ፎቶ ብቻ የሚላክለት ከሆነ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ጥጃ የሚሸጠው በፎቶው አምኖ ነው፤ እኛም ያንኑ ስህተት እንደግማለን። በየስድስት ወሩ አራት ጥያቄ ይመለስ፦ ላሟ አለች ወይ? ወለደች ወይ? ጥጃዋ ለማን ተላለፈች? ቤተሰቡ ዕዳ አለበት ወይ? ይህን ለመሙላት ላንድክሩዘር አያስፈልግም፤ የቀበሌው ልማት ሠራተኛና የእድሩ ጸሐፊ ይበቃሉ።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ የሆነው የባሕር ዳርም ሰው እንዲያነበው ስለፈለግሁ ነው። ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ገበሬ እየጠበቅን መኖር የለብንም። በከተማችን ለገናና ለፋሲካ በየመንደሩ በሬ ቅርጫ ይጣላል። ከመደቦቹ አንዱ ለጨረታ ይቅረብ። የአሜሪካ ገበሬ ጥጃውን ደጋግሞ እንደሚሸጠው፣ የገዛው መልሶ ይስጠው፤ እንደገና ይሸጥ። የወተት ላም ያላችሁ የከተማችን ሰዎች ደግሞ በዓመት ከምትሸጧቸው ጥጆች የአንዱን ዋጋ መድቡ። በጦርነት ከብቱ የተነዳበት ገበሬ በክልላችን ብዙ ነው። ደራ ያለ ሰው አሳውን ለኛ እያመጣ፣ ፎገራ ያለው ሩዙን እየላከ ነው የምንኖረው። ገንዘቡ ለመኖውና ለመድኃኒቱ ይሁን፤ ያን ጊዜ ከውጭ የመጣው ሙሉ በሙሉ ጊደር ይገዛል።

ክቡራን፣ ለመጪው ዓመት የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሐይቁ ምሥራቅ ዳር አንድ ቀበሌ ምረጡ። በዚያ ቀበሌ በሰኔ ሳሩ ይተከል፣ በታኅሣሥ የፎገራ ጊደሮች ይግቡ፣ ውሉ በእድር መዝገብ ይጻፍ። ከዚያ ከሌሎቹ ቀበሌዎች ጋር አነጻጽሩት። ምዝገባ ላይ፣ ገበያ ወጥቶ ጊደር መምረጥ ላይና ክትባቱ ላይ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ በእረፍት ቀናችን ያለ አበል እንሠራለን። የስማችን ዝርዝርና ስልካችን ከዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጋር ለጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጓል። የሳር መትከያው ወቅት ሳያልፍ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ መልሳችሁን በጽሑፍ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ባሕር ዳር